ብራናው ጠፍቶ እርሳሱ ሲቀር
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር



በእንግሊዝ አገር በታረሰ ማሳ ላይ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ የሚመላለስ ሰው አልፎ አልፎ ከሳንቲም የሚተልቅ፥ በእጅ ሲይዙት የሚከብድ፥ ግራጫ ክብ እርሳስ ያነሣል። አፈሩን ሲጠርግለት በአንደኛው ፊት የሁለት ጢማም ሰዎች ራስ፥ በሌላው ፊት ጥቂት የላቲን ፊደላት ይታዩታል። ይህ ዕቃ በመካከለኛው ዘመን ከሮማ ፓፓ ጽሕፈት ቤት በሚወጡ ደብዳቤዎች ላይ ይንጠለጠል የነበረ ማኅተም ነው። በላቲን ቡላ ይባላል፤ ከእንሰቱ ቡላ ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው። ደብዳቤው የተጻፈበት ብራና በመሬት ውስጥ በስብሶ ሲጠፋ እርሳሱ ብቻውን ሰባትና ስምንት መቶ ዓመት ይቆያል።

እስከ ዛሬ ከተረፉት መካከል ጥንታዊው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ615 እስከ 618 በመንበሩ የተቀመጠው የፓፓ ዴውስዴዲት ማኅተም ነው። ጸንቶ የቆየውን ቅርጽ የያዘው ግን በፓስካል 2ኛ ዘመን፥ ከ1099 እስከ 1118 ባለው ጊዜ ነው። ስፋቱ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ሁለቱ ራሶች የቅዱስ ጳውሎስና የቅዱስ ጴጥሮስ ሲሆኑ፥ በመካከላቸው መስቀል ቆሞ በነጠብጣብ ክፈፍ ተከበዋል፤ በጀርባው የፓፓው ስምና ተራ ቁጥሩ ይነበባል።

በኤሌክትሪክ ቆጣሪ ላይ በጉጠት ተጨፍልቆ የሚታሰረውን ትንሽ እርሳስ የሚያውቅ መሐንዲስ ለአሠራሩ እንግዳ አይሆንም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ይህም በከሰል እሳት በቀላሉ የሚደረስበት ሙቀት ነው። ከቀለጠ በኋላ ክር ማሳለፊያ ያለው ክብ ሆኖ ይወጣል። በብራናው ግርጌ የገባው ክር በዚያ በኩል ካለፈ በኋላ እርሳሱ በሁለት ማተሚያዎች መካከል ይጨፈለቃል፤ ክሩም ውስጡ ተቀርቅሮ ይቀራል። ስጦታና መብት ለሚሰጥ ደብዳቤ ቀይና ቢጫ ሐር፥ ለትእዛዝና ለፍርድ ጉዳይ ደግሞ የቃጫ ክር ይታሰር ነበር። ስለሆነም በማኅተሙ ውስጥ የክሩ ጭራ ተርፎ ከተገኘ፥ ደብዳቤው ራሱ ባይኖርም ስለ ምን ዓይነት ጉዳይ እንደ ተጻፈ መገመት ይቻላል።

የማጭበርበሩ ጥበብም ከዚህ የሚያንስ አልነበረም። ኢኖሰንት 3ኛ፥ ከ1198 እስከ 1216 በመንበሩ የነበረው፥ የሐሰት ደብዳቤዎችን ዓይነት ሲዘረዝር እውነተኛውን ማኅተም ከአንዱ ደብዳቤ አውጥቶ ለሌላው የማሰሩን ተንኮል ጭምር አመልክቷል። ፓፓ ሲሞት ስሙ የተቀረጸበት ማተሚያ እንዲሰበር የተወሰነው በዚሁ ሥጋት ነው፤ የሐዋርያቱ ፊት ያለበት ግን ለተተኪው ይተላለፋል። የክፈፉ ነጠብጣብ እንኳ ሳይቀር እየተቈጠረ እውነተኛው ከሐሰተኛው ይለይ ነበር። ዛሬም ጠርዙ የደበዘዘ፥ ፊቱ በአየር አረፋ የተበሳሳ ማኅተም ሲገኝ ሳይጨፈለቅ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ቅጂ እንደ ሆነ ይጠረጠራል።

የፓፓው ስም መነበቡ ለአርኬዎሎጂ ትልቅ ሀብት ነው፤ ከመሬት የሚወጣ ዕቃ እንዲህ ባለ ጠባብ ዘመን መወሰኑ ብርቅ ነውና። በእንግሊዝ አዘውትሮ የሚገኘው የኢኖሰንት 4ኛ ማኅተም ከ1243 እስከ 1254 ከነበሩት አሥራ አንድ ዓመታት አይወጣም። ነገር ግን ችኩል አንባቢ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ዘመኑ ደብዳቤው የወጣበት እንጂ እርሳሱ መሬት የገባበት አይደለም። መብት የሚያጸና ደብዳቤ በገዳም ሣጥን ውስጥ ለብዙ ትውልድ ይጠበቃል። አንዳንዱ ማኅተም ለሁለት ተቈርጦ፥ አንዳንዱም ተበስቶ ለሌላ አገልግሎት ውሎ ይገኛል። ከሟች ጋር በመቃብር የተቀበረም አለ፤ ይህም ሰውየው በሕይወቱ የተቀበለውን የሥርየት ደብዳቤ ይዞ ለመሄድ መሻቱን ያሳስባል። በ1534 የእንግሊዝ ንጉሥ ከሮማ ከተለየ በኋላ ደግሞ የፓፓው ደብዳቤ በዚያ አገር ሕጋዊ ኃይሉን ስላጣ፥ ከማኅተሙ የሚፈለገው እርሳስነቱ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ መቼና እንዴት እንደ ወደቀ የሚመሰክረው ቦታው ነው፤ ከመቃብር ነው ወይስ ከገዳም ፍርስራሽ፥ ወይስ ከከተማ ቆሻሻ ጋር ወደ እርሻ ከተጋዘ ፍግ? ማሳው ሳይመዘገብ ለሰብሳቢ የተሸጠ ማኅተም የፓፓ ስም ያለበት እርሳስ ከመሆን አያልፍም፤ ስሙን ደግሞ ከመጽሐፍም ማግኘት ይቻላል። በእንግሊዝና በዌልስ የተንቀሳቃሽ ቅርሶች መዝገብ ከ1997 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ግኝቶችን ከነቦታቸው ሲያሰፍር ቆይቷል። ሆኖም ማኅተሙ ወርቅ ወይም ብር ስላልሆነ ማስታወቁ በአመዛኙ ለአግኚው በጎ ፈቃድ የተተወ ነው።

ከማሳው የዳነውም በመሳቢያ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የባሉጥ እንጨት የኮምጣጤ አሲድ ትነት ይለቃል፤ ይህ ትነት እርሳሱን ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ዱቄት፥ ይኸውም ወደ እርሳስ ካርቦኔት ይለውጠዋል። በተዋበ የባሉጥ ሣጥን ውስጥ በክብር የተቀመጠ ማኅተም፥ ሸክላ አፈር ውስጥ ሰባት መቶ ዓመት የያዘውን ፊደል በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጠባቂዎች ደረቅ ክፍል፥ የብረት መደርደሪያና አሲድ የሌለበት ካርቶን ይመርጣሉ።