ከዲንሾ ይዘነው የመጣነው ሒሳብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የባሌ ተራሮች ጉብኝት ተሳታፊዎችን በመወከል ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ ሁላችሁም የምትጠብቁት ገቢና ወጪ ነው። እሱም አይቀርም። ዛሬ ግን ገንዘቡን ቶሎ ጨርሰን፣ ወደ ሌላው ሒሳብ ለማለፍ ትፈቅዱልን ዘንድ እንለምናለን።

እንደምታስታውሱት ጉዞው ከመወሰኑ በፊት በዚሁ አዳራሽ አንዲት እናታችን ተነሥተው፣ «እኛ የምንቆጥበው ልጅ ለማስተማርና ጉልታችንን ለማስፋት ነው፤ ቀበሮ ለማየት አይደለም» ብለውን ነበር። አንዳንዶቻችን ስቀን ነበር። ነገር ግን እናታችን ትክክል ነበሩ። ስለዚህ ከተዘዋዋሪው የብድር ገንዘብ አንድ ብር እንዳይነካ ተወሰነ፤ አልተነካምም። ግማሹን ወጪ ተጓዦቹ በየሳምንቱ ከኪሳችን አጠራቅመን ከፈልን፤ ግማሹ ለአባላት ትምህርት ከተመደበው የድጋፍ ገንዘብ ወጣ። ደረሰኙ ሁሉ በፋይል አለ፤ ማንኛዋም አባል መጥታ ማየት ትችላለች። በዚህ ላይ እናታችንን እንዲሄዱ ለምነን አብረውን ሄዱ።

የቀረው እንግዲህ «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» የሚለው ነው።

ከጥምቀት በኋላ 19 ሴቶች ሆነን ንጋት ላይ ከሸዋ በር ተነሣን። ሆጃውን በፔርሙዝ፣ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ይዘናል። ከመካከላችን ከድሬዳዋ አልፈው የማያውቁ ሰባት ነበሩ። በጪሮና በአዋሽ አልፈን አዳማ አደርን፤ በማግስቱ በአሰላና በዶዶላ አድርገን ወደ ማታ ዲንሾ ገባን። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት። እኛ ሐረርን ደጋ ናት ብለን ነጠላ ብቻ ደርበን ነበርና፣ ያን ሌሊት አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተካፍለን ነው ያደርነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያው ዲንሾ፣ የጥድና የኮሶ ዛፍ በከበበው ስፍራ ላይ ነው። የጎብኚዎች ማዕከሉን ትልቅ ሕንፃ ጠብቆ የሄደ ሰው ትንሽ ይደነግጣል። ካርታ፣ ፎቶግራፍ፣ ቀንድ፣ የራስ ቅል፣ ጽሑፍ፤ ይኸው ነው። ሆኖም ከዚያ ክፍል ለመውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

መጀመሪያ ያቆመን የደጋ አጋዘን ነው። ቀንዱን አይተን ወደ መስኮቱ ዞር ስንል እሱ ራሱ ከነቤተሰቡ ግቢው ውስጥ ሣር ይግጣል። አስጎብኚው ወጣት፣ «ይህን እንስሳ ሁላችሁም በኪሳችሁ ይዛችሁት ታውቃላችሁ» አለን። ግራ ገባን። ለካ በ10 ሳንቲማችን ጀርባ ላይ ያለው እሱ ኖሯል! ሳንቲም ስንቆጥር ያደግን፣ እሱንም ሙያ ብለን ዲፕሎማ የያዝንበት ሰዎች፣ በእጃችን ላይ የነበረውን እንስሳ ስሙን ሳናውቅ ሳንቲሙ ከገበያ ጠፋ። ይህ የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም።

ቀይ ቀበሮም እንዲሁ የኛ ብቻ ናት። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በባሌ ነው። እኛ የመሰለን አዳኝ የጨረሳቸው ነበር። ነገር ግን ብዙ ጉዳት ያደረሰባቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዚያ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ቀበሮዋን ለማዳን የሚሠሩት ሰዎች አንዱ ትልቅ ሥራቸው የገበሬውን ውሻ ማስከተብ ነው። ይህን ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን። እኛ የጀጎል ሰዎች ማታ ማታ ጅብ በደጃችን ሲያልፍ የምንተኛ፣ እንግዳ ሲመጣም ጅብ ሲመገብ እናሳይህ ብለን ወደ ፈላና በር የምንወስድ ነን። የሰፈራችንን ውሻ ግን ማን አስከትቦ ያውቃል?

ፓርኩ የተመሠረተው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 2,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የኛ ጀጎል የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። አስጎብኚው ከሐረር መምጣታችንን ሲሰማ፣ «እናንተማ ታላቆቻችን ናችሁ» ብሎ አሳቀን።

እናንተ ዘንድ ልናደርሰው የፈለግነው ትልቁ ነገር ግን ያለው ካርታው ላይ ነው።

ካርታው ላይ ከተራሮቹ የሚወርዱት ወንዞች በሰማያዊ ተሥለዋል። ከፊሎቹ ወደ ገናሌ፣ ከፊሎቹ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይገባሉ። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በዚህ ውሃ ይጠቀማል ተብሎ ይገመታል። ከመካከላችን አንዷ በጣቷ ዋቢ ሸበሌን እየተከተለች ወረደችና፣ «ይህቺ የኛ ኤረር አይደለችም?» አለች። እሷው ናት። በኤረር በር በኩል ቁልቁል የምናያት ኤረር ወርዳ ወርዳ ከዋቢ ሸበሌ ትቀላቀላለች። የባሌ ውሃና የኛ ውሃ ታች ቆላ ላይ አንድ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው የትኛው የሐረር፣ የትኛው የባሌ እንደሆነ አይጠይቅም፤ መጥቷል ወይስ አልመጣም ነው የሚለው።

ተራራው ውሃውን እንዴት እንደሚይዝም አስረዱን። ክረምት የዘነበውን በላይኛው ሜዳ ላይ ያለው ሣርና ረግረግ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል አስታው፣ በደቡብ በኩል ደግሞ የሐረና ደን እንደ ስፖንጅ ይመጡታል። በጋ ሲሆን ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። ስፖንጁ ከተላጠ ዝናቡ ያው ይዘንባል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ይሄድና በጋው ባዶ ይሆናል።

ይህ ለኛ ለሒሳብ ሰዎች በቶሎ የሚገባ ነው። ደኑ ዋናው ገንዘብ ነው፣ ውሃው ወለዱ ነው። ወለዱን እየበሉ መኖር ይቻላል። ዋናውን መብላት የጀመረ ግን ለጥቂት ጊዜ የተመቸው ይመስለዋል።

እኛ ደግሞ ይህን ከማንም ተምረን አይደለም የምናውቀው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ ብዙዎቻችን ተማሪዎች ነበርን። የሐረር ቧንቧ ውሃ ይመጣ የነበረው ከዚያ ነው። ለከተሞቹ ተሳበ፣ ለጫቱና ለአትክልቱ መስኖ ተሳበ፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ደግሞ የሐይቁን ሆድ ሞላው። ከዚያ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ውሃ በብር መግዛት መጣ። ኋላ ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ ተስቦ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ እንዲደርሰን ተደረገ። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውሃ ተመልሶበታል፤ በመንገዳችን ላይ አይተነው ዕልል ያሉ ነበሩ። ነገር ግን የሄደውን የልጅነት ጊዜያችንን ማንም አልመለሰልንም።

ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ ነው እናታችን የጠየቁት። «ልጄ፣ ያልከው ሁሉ ገብቶኛል። እዚህ ከጫካው እንጨት ለቅመው ሸጠው የሚያድሩት ሴቶችስ ምን ይብሉ?»

አስጎብኚው ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ «እማማ፣ እኛም ሌሊት የምንጠይቀው ይህንኑ ነው» አላቸው። ፓርኩ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ከብት ይሰማራል፣ ይታረሳልም። መከልከል ብቻ አላዋጣም። በሐረና ደን በኩል ነዋሪው ተደራጅቶ ደኑን ከመንግሥት ጋር የሚያስተዳድርበት አሠራር አለ፤ ዛፉን ከመቁረጥ ይልቅ የጫካ ቡናውንና ማሩን ይሸጣል። «ዛፉ ቆሞ ገንዘብ ሲያስገባ ያየ ሰው ይጠብቀዋል። ግን ለሁሉም አልደረሰም» አለን። ሁሉ አልቋል ቢለን ኖሮ ይህን ያህል ባላመንነው ነበር።

በማግስቱ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ ወጣን። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስ ያማል። ጅብራ በየቦታው እንደ ዘበኛ ቆሟል። አንዲት ቀይ ቀበሮ ብቻዋን መሬት መሬቱን እያየች ስትሄድ አየናት። የምታድነው ግዙፉን ፍልፈል ነው፤ እሱም ከባሌ በቀር የትም የለም። እናታችን በመኪናው መስኮት ረጅም ጊዜ ካዩዋት በኋላ፣ «ቆንጆ ናት። እኔን የገረመኝ ግን ውሃው ነው» አሉ።

ወደ ሐረር ተመልሰን በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ በኤረር በር በኩል እንጨት ተሸክመው የሚገቡትን ሴቶች አገኘናቸው። በየቀኑ እናያቸዋለን። ወገባቸው ጎብጦ፣ ከሌሊት ጀምረው ተጉዘው፣ የእንጨቱን ዋጋ ከኛ ጋር ሲከራከሩ። ያን ቀን መከራከር አቃተን። ቢሮ ገብተን የብድር መዝገቡን ከፈትን።

እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። ባለፈው ዓመት ማኅበራችን ከሰጣቸው 62 ብድሮች ውስጥ 14ቱ ለከሰልና ለማገዶ ንግድ የተሰጡ ናቸው። ከአሥራ አራቱ አንዱም አልዘገየም። ከሁሉም የብድር ዓይነት በጊዜው የሚመለሰው ይህ ነው። በኛ መዝገብ ሲታይ ምርጥ ብድር ነው። ነገር ግን መዝገቡ ላይ የኮረብታው ዓምድ የለም፤ የውሃው ዓምድ የለም። የምናበድረው ገንዘብ ከየትኛው ዋና ገንዘብ ላይ እየበላ እንደሚመለስ አያሳይም። የጎደለው ዓምድ የኛ የሒሳብ ሠራተኞቹ ጉድለት እንጂ የነጋዴዎቹ አባሎቻችን ጥፋት አይደለም። ከሰል የሚሸጡት እህቶቻችን ልጅ የሚያስተምሩበት ነው፤ ከሰል የምንገዛው ደግሞ እኛው ነን።

ስለዚህ ተጓዦቹ ተመካክረን ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ማንም አባል በከሰል ንግድ ላይ በመሆኗ ብድር አይከለከልባት። በእንጀራዋ ላይ አንፈርድም።

ሁለተኛ፣ ከከሰል ወደ ሌላ ንግድ መዛወር የምትፈልግ አባል ቅድሚያ ታግኝ፤ አዲሱን ሥራ እስክትለምድም የመክፈያ ጊዜዋ ይርዘምላት። እስካሁን ሦስት አባላት ጠይቀዋል፤ አንዷ አብራን ዲንሾ የነበረች ናት።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ለቆጣቢ ምድጃ አነስተኛ ብድር ይጀምር። ላቀች ከሰል ትቆጥባለች፤ ምርጥ ምድጃ ደግሞ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲወዳደር ለእንጀራ የሚፈጀውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ምድጃውን የሚሸጡት ደግሞ ከሰል ነጋዴዎቹ ይሁኑ። ደንበኛውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የየቤቱን ማንደጃ ያውቃሉ። የከሰል ሽያጫቸው ሲቀንስ የምድጃው ትርፍ ይደግፋቸዋል።

ከዚህ ሌላ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ፦ በየሰፈራችን ያለውን የቤት ውሻ ለማስከተብ ከእንስሳት ሕክምናው ጋር እንነጋገር።

አደጋ የለውም አንልም። የተዛወረችው አባል ልትከስር ትችላለች። ምድጃው ላይሸጥ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ቆመን «ከምርጡ ብድራችን ቀንሰን ያልተመለሰ ብድር አመጣን» ብለን ልንሪፖርት እንችላለን። ለዚህ ነው በትንሹ እንጀምር የምንለው፤ በሦስቱ አባላትና በሃያ ምድጃ። ድጋፍ ሰጪዎቻችንንም የምንጠይቀው አዲስ ገንዘብ አይደለም፤ ይህ ሙከራ በመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ባያሳይ እንድትታገሡን ነው።

እናታችን ዛሬም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ትናንት፣ «ሐሳቡን ከማቅረባችሁ በፊት የከሰል ነጋዴዎቹን ጠይቃችኋል?» አሉን። ጠይቀናል። ዘጠኙ ተስማምተዋል፣ ሦስቱ እናስብበት ብለዋል፣ ሁለቱ አልተቀበሉትም። ሁለቱ ዛሬ እዚህ አሉ፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እንዲናገሩ ዕድል እንዲሰጣቸው ሰብሳቢያችንን እንጠይቃለን።

የጉዞው ወጪ ዝርዝር በየወንበራችሁ ላይ አለ። ጥያቄ ካላችሁ ለመመለስ ዝግጁ ነን።