የተሰወረውን የቤት ግፍ ወደ አደባባይ ላወጡ ሰዎች ስለሚገባ ክብር

ለመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ሕዝብ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰዎች አሉት። አገሩን ከጠላት ያዳነ ጀግና ይከበራል፤ ድልድይ የሠራ፣ ትምህርት ቤት የከፈተ ሰውም ይመሰገናል። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ጋራ ሊቈጠር ሲገባው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ወገን አለ፤ እርሱም ሁሉ እያወቀው ማንም የማይናገረውን ክፉ ነገር ደፍሮ የተናገረ ሰው ነው። የጦር ጀግና ጠላቱን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ወገኖቹም ከኋላው ይከተሉታል። የተሰወረውን ግፍ የሚገልጠውን ሰው ግን የሚነቅፉት የገዛ ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ የዚህ ሰው ድፍረት ከጀግናው ድፍረት የሚያንስ አይደለም።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ግፍ የሚባለው ድብደባ ብቻ አይደለም። ስድብና ማስፈራራት፣ ያለ ፈቃድ በኀይል መድፈር፣ የቤቱን እህልና ገንዘብ ከልክሎ ማስራብ፣ ከወላጅና ከዘመድ መለየት ሁሉ ከዚሁ ይቈጠራል። ግፉ በልጆችና በአረጋውያንም ላይ ይደርሳል፤ ይልቁንም አብዝቶ የሚደርሰው ባል በሚስቱ ላይ ሲያደርገው ነው።

ሌባ በሌሊት በረት ሰብሮ ቢገባ መንደሩ ሁሉ በጩኸት ይሰበሰባል። ሴት በገዛ ቤትዋ ስትደበደብ ጩኸትዋ ቢሰማ ግን፣ «የባልና የሚስት ጠብ ነው» ተብሎ በር ይዘጋል። ነገሩም ገመና ይባላል። የሰውን ድኽነትና ሕመም ገመና ብሎ መሸፈን የጨዋ ሰው ሥራ ነው፤ ሰው የሚጐዳበትን በደል ገመና ብሎ መሸፈን ግን በዳዩን መጠበቅ ነው እንጂ ቤትን መጠበቅ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉ አባቶች ይህን የመሰለውን ነገር አስበው ነው። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚል ተረትም አለ። አሮጌ ተረት ሁሉ ጥበብ አይደለም፤ አንዳንዱ ተረት የበዳዮች ማመካኛ ሆኖ የቈየ ነው። ልጅ ይህን ከትልቅ ሰው አፍ ሲሰማ ካደገ፣ ወንዱ መምታትን፣ ሴቲቱም መመታትን እንደ ሥርዓት ይማራሉ።

ይህም በግምት የተባለ እንዳይመስል የተቈጠረውን መመልከት ይገባል። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች ባል ሚስቱን ለመምታት የሚገባ ምክንያት ይኖረው እንደ ሆነ ተጠይቀው ነበር። ምክንያት ተብለው የተቈጠሩትም ወጥ ማሳረር፣ ከባል ጋራ መከራከር፣ ሳይነግሩ ከቤት መውጣት፣ ልጆችን ቸል ማለትና የባልን መኝታ እንቢ ማለት ነበሩ። ከመቶው ሴት 85ቱ ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ መመታት ይገባል ብለው መለሱ። በ2008 ዓ.ም. ጥናቱ እንደ ገና ሲደረግ ቍጥሩ ወደ 63 ወረደ፤ ከወንዶቹም እንዲህ ያሉት ከመቶው 28 ሆኑ። በዚያው ዓመት ካገቡት ወይም አግብተው ከነበሩት ሴቶች ከመቶው 34ቱ ከባላቸው የአካል፣ የመንፈስ ወይም የመኝታ ግፍ እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል።

ከዚህ ቍጥር ሁለት ነገር ይታያል። ፊተኛው፣ ግፉ እጅግ ሥር የሰደደ ከመሆኑ የተነሣ የምትመታው ራስዋ እንደሚገባት ታስብ ነበር። ሁለተኛው፣ በ16 ዓመት ውስጥ የብዙ ሴቶች አሳብ መለወጡ ነው። የሰው አሳብ በራሱ አይለወጥም፤ የሚያስተምር ሲገኝ ነው እንጂ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደ ተባለ፣ ደፍረው የተናገሩ ሰዎች ባይነሡ ኖሮ አሳቡ እንደ ቀድሞው በኖረ ነበር።

ከእነርሱም መካከል በመጀመሪያ የሚነሡት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራቾች ናቸው። ማኅበሩ የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዷና ሥራውን በመጀመሪያ የመሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርግ፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ባል በሚስቱ ላይ ስለሚያደርገው ግፍ ለብቻው የተጻፈ አንቀጽ አልነበረውም፤ ልጃገረድ የጠለፈ ሰውም የጠለፋትን ልጅ በሕግ ቢያገባ ክስ አይቀርብበትም ነበር። የሕግ ባለሙያዎቹ ለተበደሉ ሴቶች ያለ ዋጋ ጥብቅና ቆሙ፤ ሕጉ ይሻሻል ዘንድም በአደባባይ ተናገሩ።

ከያዙአቸው ነገሮች አንዱ በብዙ አገር ተሰምቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጠለፋ ተያዘች። ለማምለጥ ስትሮጥ የተከተላትን ጠላፊዋን በጠመንጃ ተኵሳ ገደለች፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ማኅበሩ ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራስዋን ለማዳን ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ ለቀቃት። በዚህ ታሪክ ላይ በዘረሰናይ መሓሪ የተሠራው «ድፍረት» የተባለው ፊልም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ታይቷል። መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባው ልጅቱ የተያዘችው በትምህርት ቤት መንገድ ላይ መሆኑን ነው። ጠለፋ ትዳርን በግፍ መጀመር ነው፤ በግፍ የተጀመረም ቤት በግፍ መኖሩ አያስደንቅም።

ይህ ሥራ ያለ ዋጋ አልተሠራም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ማኅበሩ ለጥቂት ጊዜ ከሥራ ታግዶ ነበር፤ እግዱም ሲነሣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ፍሬውም ከዚያ በፊትና በኋላ ታየ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤተሰባቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዲኖራቸው፣ ወንድም ሴትም 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳያገቡ ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛውን በኀይል የጐዳ ሰው ሌላውን ሰው እንደ ጐዳ ሁሉ እንዲቀጣ አዘዘ፤ ጠላፊንም ጋብቻ ከቅጣት አያድነውም አለ። ወይዘሮ መዓዛም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ከሀንገር ፕሮጀክት የአፍሪካ የመሪነት ሽልማት ተቀበሉ፤ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዪቱ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ።

የሕግ ባለሙያዎቹ በፍርድ ቤት እንደ ተናገሩ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የተናገሩም አሉ። የከምባታ ተወላጅ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ውሃ ለመቅዳት የሄዱ እየመሰሉ ተሰውረው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በውጭ አገር ከተማሩ በኋላ ተመልሰው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ከእኅታቸው ጋራ በከምባታ የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። የመጡበት ነገር የልጃገረዶች ግርዛትና ጠለፋ እንዲቀር ለማስተማር ነበር። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ አስቀድመው የሚሹት ልጆችና ገበያተኞች የሚሻገሩበት ድልድይ እንደ ሆነ በነገሩአቸው ጊዜ፣ አልተቈጡም፤ ገንዘብ ለምነው ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ቃላቸውን ሰማ። ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ወንድና ሴት በአንድነት ተቀምጠው ስለ ልማዱ ጉዳት እየተመካከሩ ራሳቸው እንዲወስኑ አደረጉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ በክብር ተዳረች። በ2013 በቤልጅግ ንጉሥ በቦድዌን ስም የሚሰጠው የአፍሪካ ልማት ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዐረፉ። ከሥራቸው የሚማሩት፣ ያገርን ልማድ የሚያሻሽል ሰው አገሩን ማክበር አስቀድሞ እንደሚገባው ነው።

ሌሎችም አሉ። ቀድሞ ዳኛ የነበሩት ወይዘሮ ማርያ ሙኒር፣ ፍርድ ተሰጥቷት ሳለ የምታድርበት ላጣች ሴት የፍርድ ቃል ብቻ እንደማይበቃ አይተው፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን መሥርተው በአዲስ አበባ መጠለያ ከፈቱ። በካናዳም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ወንዶች ነጭ ሪባን በደረታቸው አድርገው፣ በሴቶች ላይ ግፍ እንዳያደርጉ፣ ሲደረግም አይተው ዝም እንዳይሉ ቃል ገቡ። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ1999 ኖቬምበር 25 ቀን፣ በኢትዮጵያ ኅዳር አጋማሽ የሚውለውን፣ በሴቶች ላይ የሚደረገውን ግፍ ለማስወገድ መታሰቢያ አደረገው። ቀኑም በ1960 በዶሚኒካን ሪፑብሊክ በገዢው ሰዎች የተገደሉት ሦስቱ የሚራባል እኅትማማች የሞቱበት ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ መናገር ትዳርን ያፈርሳል» የሚል ሰው አይታጣም። ይህ አሳብ ከክፋት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የቤት መፍረስና የልጆች መበተን የሚያሳዝነው ሽማግሌም ይለዋል። ነገር ግን ቤቱን ያፈረሰው ዱላው ነው ወይስ ስለ ዱላው የተናገረው አፍ? ጣራው ማፍሰሱን የተናገረ ሰው ጣራውን አልቀደደውም። በፍርሃት የሚኖር ቤት ከውጭ ቆሞ ቢታይም ከውስጥ የፈረሰ ነው፤ በዚያ የሚያድጉት ልጆች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል።

እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች የሚገባው ክብር ምንድን ነው? ሽልማትና ጭብጨባ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የመንደር ሽማግሌ የሚሰጠው ክብር ከዚህ ይበልጣል። እርሱም በሽምግልናው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚያደርገው ነው። የተመታች ሴት ስትመጣ አስቀድሞ «ምን አድርገሽው ነው?» ተብላ አትጠየቅ፤ ይህ ጥያቄ ሳይሰሙ መፍረድ ነውና። ባልዋ ባለበት የምትፈራውን እንድትናገር፣ ብቻዋን ትሰማ። እግር ስሞ ይቅርታ ጠየቀ ተብሎ ብቻ ወደ ቤትዋ አትመለስ፤ ዳግመኛ ቢመታት የምትሞተው እርስዋ ናት እንጂ ዋሱ አይደለም። አካልዋ የቈሰለ እንደ ሆነ ነገሩ ከእርቅ አልፏልና ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ፖሊስ ትወሰድ። ሕጉ ለሽማግሌ ማስታረቅን ትቶለታል፤ ወንጀልን መሸፈን ግን አልሰጠውም። የሸሸችበትንም ቤት የሚያውቅ ሰው ለማንም አይናገር፤ እውነተኛው ገመና መሸፈን ይህ ነው።

መምህርም የሚሰጠው ክብር አለው። በክፍል የሚያንቀላፋ፣ እጅ ሲነሣ የሚደነግጥ፣ ያለ ምክንያት ከትምህርት የሚቀር ልጅ ሰነፍ ነው ተብሎ አይገረፍ፤ በቤቱ የሚሆነው በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው፣ በርኅራኄ ይጠየቅ። ሴትን ከአህያ ጋራ የሚቈጥር ተረት በትምህርት ቤት እንደ ጥበብ አይነገር፤ ቢነሣም ስሕተቱ ይገለጥ። ስለ ጀግኖች ሲነገር የእነዚህም ሴቶች ስም ከሥራቸው ጋራ ይነገር። ወንዶች ልጆች ኀይል የተሰጣቸው እንዲጠብቁበት እንጂ እንዲያስፈራሩበት እንዳይደለ ይማሩ።

ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ሽልማትም ያልደረሳቸው ብዙዎች ደግሞ አሉ። በሌሊት የሰማችውን ጩኸት ሰምታ በር ያንኳኳች ጎረቤት፣ ልጁ ስትመለስ «ወደ ባልሽ ሂጂ» ሳይል ቤቱን የከፈተ አባት፣ የደረሰባትን በዳኛ ፊት አፍራ ሳትሸሽግ የተናገረች ሴት፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያው ወገን ናቸው። በየመንደሩ ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚሰሙት ስድብ እንጂ ምስጋና አይደለም። የመንደሩ ሽማግሌ በሰንበቴ ወይም በዕድር ተነሥቶ «ደግ አደረገች» ቢል፣ ይህች አንዲት ቃል ከነገ ወዲያ ለሚጮኸው ጩኸት በር ታስከፍታለች።