ካሜራው ያየውና ታሪኩ የሰየመው



ፊልም በሁለት ወገን ተከፍሎ ሲታይ ኖሯል። አንደኛው የሆነውን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ሁለተኛው ያልሆነውን የሚፈጥር ልብ ወለድ ነው። ዘገባንና ሳይንሳዊ ልብ ወለድን በአንድ ገበታ የሚያቀርብ ፊልም ሲመጣ ግን ሐያሲው የትኛውን ሚዛን ያንሣ? ጥያቄው ለመሐንዲስ ባዕድ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሲመረመር ግን ከሞያው ደጃፍ የራቀ አይደለም።

ለአገራችን የሚቀርበው ምሳሌ «ክራምብስ» የተሰኘው ፊልም ነው። ትርጓሜው ፍርፋሪ ማለት ነው። አዘጋጁ ስፔናዊው ሚጌል ሊያንሶ ሲሆን፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ዋና ተዋንያን ሆነው ሠርተውበታል። ንግግሩ በአማርኛ፣ ርዝመቱ 68 ደቂቃ የሆነው ይህ ሥራ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ለተመልካች ቀረበ። ዘመኑ ከታላቅ ጥፋት በኋላ ነው። በሰማይ ላይ ዝጎ የቆመ የጠፈር መርከብ ይታያል። በምድር የቀሩት ጥቂት ሰዎች ከቀድሞው ዓለም የተረፉትን የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችና የሙዚቃ ሸክላዎች እንደ ክታብ ያከብራሉ።

በውጭ አገር የጻፉት ሐያስያን ፊልሙን በአብዛኛው በበጎ ተቀበሉት፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ረጅም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ተብሎም ተጠራ። ታሪኩ ልል ነው፣ ጅማቱ አልጠነከረም ብለው የነቀፉም ነበሩ። ብዙዎቹን የማረከው ግን መልክዐ ምድሩ ነው። ቢጫና አረንጓዴ የሆነውን የዳሎልን መሬት አይተው ከሌላ ዓለም የመጣ መሰላቸው።

የአድናቆቱ ጉድለት እዚህ ላይ ይጀምራል። ዳሎል ሌላ ዓለም አይደለም። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርድ የአፋር ምድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀለሙንም የሳለው ከከርሰ ምድር የሚፈልቀው ጨዋማና አሲዳም ፍል ውሃ ነው፤ በውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ሲዋሐድ መልኩ ደረጃ በደረጃ ይለወጣል። በአካባቢው የማዕድን ሥራ ሰፈር ፍርስራሽ አለ። ከዚያው አቅራቢያም ሰዎች አሞሌ በእጃቸው እየቆረጡ በግመል ሲጭኑ ኖረዋል። ታሪኩ የዓለም ፍጻሜ ብሎ የሰየመው ስፍራ ለእነዚህ ሰዎች የዕለት እንጀራ የሚገኝበት የሥራ ቦታ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ክርክር በሌላ አገርም ተነሥቷል። ጀርመናዊው ቬርነር ሄርዞግ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው «የጨለማ ትምህርቶች» በተሰኘው ፊልሙ የኩዌትን የነዳጅ ጉድጓዶች ቃጠሎ ቀረጸ። በጦርነቱ ከ600 በላይ ጉድጓዶች ተቃጥለው ነበር፤ የመጨረሻው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1991 ነው። አዘጋጁ ግን የአገሩን ስም ሳይጠራ፣ ከሌላ ፕላኔት የመጣ እንግዳ እንደሚያወራ አድርጎ ተረከው። በበርሊን ሲታይ ከተመልካቹ ብርቱ ቁጣ ገጠመው፤ የሰውን መከራ ማስዋቢያ አደረገው ተብሎም ተወቀሰ።

በዚያ ፊልም ውስጥ ሠራተኞች የሚፈነዳውን ነዳጅ እንደገና ሲለኩሱት ይታያል። ተራኪው ይህን እንደ ዕብደት ይቈጥረዋል፤ ሰዎቹ ያለ እሳት መኖር የተሳናቸው ያስመስላል። ሥራውን የሚያውቅ ግን ሌላ ነገር ያያል። ሳይነድ የሚፈስ ነዳጅ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ ተኑም ይጠራቀምና ባልታሰበ ሰዓት ተቀጣጥሎ ሰው ይፈጃል። ስለዚህ ጉድጓዱ እስኪዘጋ ድረስ ሆን ብሎ ማንደድ ጥንቃቄ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካሜራው ያሳየው እውነት ነው፤ ሐሰቱ ስያሜው ነው። የበርሊን ቁጣ በፊልሙ ውበት ላይ ሲያነጣጥር ይህን ሐሰት ለይቶ ማሳየት ግን የሞያው ባለቤት ድርሻ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ፊልም ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ካሜራው ምን አየ? ታሪኩስ ያየውን ምን ብሎ ጠራው? ሁለቱ ባይገጥሙ ፊልሙ ወዲያው ይኰነን ማለት አይደለም። «ክራምብስ» መሬቱን ከባለቤቱ ቢለይም ለመሐንዲስ የሚጠቅም ቁም ነገር ይዟል። አሠራሩ የተረሳ ዕቃ ጣዖት እንደሚሆን፣ የሚጠግነው የጠፋ መርከብም ሰማይ ላይ ተሰቅሎ እንደሚዝግ ያሳያል። መለዋወጫ አጥቶ የቆመ ማሽን አጠገብ ያለፈ ባለሙያ ይህን ልብ ወለድ ነው ብሎ አይስቅም።

ነገ ካሜራው ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቢዞር ድንቅ ነገር ፈልጎ አያጣም። በጉባ 145 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ቆሟል። በአሶሳ ዙሪያ የቀርከሃው ደን አለ፤ በወንዝ ዳር አሸዋ እያጠበ ወርቅ የሚለይ ሰውም አለ። አንድ አዘጋጅ ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ፊልም አዋሕዶ የመጪው ዘመን ፕላኔት ሊለው ይችላል፤ የሩቅ ሐያሲም ሊያደንቅለት ይችላል። ያን ጊዜ ግድቡ ምን እንደሚሠራ፣ ወርቅ አጣቢውም ውሃው መሐል ቆሞ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቁ ሰዎች ዝም ካሉ፣ ሰው የሚኖርበት አገር ሰው አልባ ሆኖ ይጻፋል። ሂስ ለሐያስያን ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም፤ ነገሩን በእጁ የሚያውቅም የምስክርነት ዕዳ አለበት።