ሹም ማዛወር ዕርቅ አይደለም
(በኔቬ ኦዝ፣ ፔታህ ቲክቫ፣ ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ አማራ ክልል ሁኔታ ለመነጋገር ነው። ብዙዎቻችን በጎንደርና በዙሪያዋ ዘመድ አለን። ስልኩ አልሠራ ባለ ቁጥር እንቅልፍ እናጣለን። ስለዚህ «ያገር ቤት ጉዳይ እኛን አይመለከተንም» ማለት አንችልም። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ አንድ አገር ሲታወክ፣ ሕዝቡም በአስተዳደሩ ሲማረር፣ ነገሩ በምን ይበርዳል? ለመልሱ የሚረዳ ምሳሌ ከታሪካችን አለ። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1967 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ግብሩ የሚወሰነው ገማቾች የገበሬውን ምርት አይተው በሚሰጡት ግምት ነበር። የጎጃም ገበሬ ይህን ሲሰማ «ዛሬ ምርቴ ከተገመተ ነገ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ይወሰዳል» ብሎ ሠጋ። ሥጋቱን ያባባሰው ግን አስተዳደሩ ነው። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ፤ ሕዝቡም በየሰበቡ መዋጮ አምጣ መባሉ አስመርሮት ነበር። ገበሬው አዲስ አበባ ድረስ መልእክተኛ ልኮ አቤት አለ። ሰሚ አጣ። በ1968 በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። አመፁ ግን በዚህ አልበረደም። የበረደው ገዥው ከጎጃም ሲነሡና የቆየው ውዝፍ ግብር ሲሠረዝ ነው። መንግሥት ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በደኅና ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ደጃዝማች ፀሐዩ የት ሄዱ? የከፋ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆነው ተሾሙ። ለጎጃም ያልበጀው ለከፋ ይበጃል ተባለ ማለት ነው። በ1974 የጅማ ሕዝብ በተራው ተነሣባቸው፤ በዚያው ዓመት መንግሥቱ ራሱ ወደቀ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚያሰኘው አሠራር ሳይለወጥ ሹሙን ብቻ ማዛወር፣ እሳቱን ከአንድ ቤት አውጥቶ ጎረቤት ቤት እንደ ማስገባት ነው።

ሌላው መንገድ ሕዝብን በፍርሃት ዝም ማሰኘት ነው። ይህንንስ እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ርስት ያልነበረን ቤተ እስራኤል የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሲወጣ ተስፋ አደረግን። ብዙም ሳይቆይ ኢዲዩ፣ ኢሕአፓና ደርግ በጎንደር ሲዋጉ በመካከላቸው ወደቅን። ሻለቃ መላኩ ተፈራ ጎንደርን ሲያስተዳድሩ ሰው ከቤቱ ውስጥ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገር ነበር። ያ ዝምታ ሰላም አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና።

አሁን ወደ ዛሬው ነገር እንምጣ። በኤፕሪል 2023 የኢትዮጵያ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲበተኑ ወሰነ። በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሣ፤ ቆይቶም በፋኖና በመንግሥት ጦር መካከል ውጊያ ሆነ። በኦገስት 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ወር እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን ወደ አዲስ አበባ አወጣች። የክልሉ ፕሬዚዳንትም በዚያው ወር ተለወጡ። አዋጁ በጁን 2024 አበቃ፤ ውጊያው ግን ቀጠለ። ሹም ተለወጠ፣ አዋጅ ታወጀ፣ አዋጅ አለፈ፤ የገበሬው ኑሮ አልተለወጠም። እኛ መምህራንን ስናሠለጥን የኖርን ሰዎች በተለይ የሚያሳዝነን በ2024ና በ2025 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ መቅረታቸው ነው። አንድ ዓመት ያልተማረ ልጅ ያን ዓመት ማን ይመልስለታል?

በ2024 በባሕር ዳር 15 አባላት ያሉት የሰላም ካውንስል ተመሠረተ። ማደራደር መልካም ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን ደም ሲያደርቁ እንዴት ያደርጉ እንደ ነበር እናስታውስ። መጀመሪያ በደሉ በአደባባይ ይነገራል፤ «እርሳው» ተብሎ አይታለፍም። ቀጥሎ ካሳ ይቆረጣል። በመጨረሻም ሁለቱም ወገኖች ዋስ ይጠራሉ። ዋስ የሌለው ዕርቅ አይጸናም፤ ቃሉን ያፈረሰውን የሚይዘው የለምና። ዛሬም የጎደለው ይኸው ነው። መንግሥት «ትጥቅህን ፍታና ግባ» ሲል፣ የገባው እንደማይታሰር ዋሱ ማን ነው? ታጣቂው «ሕዝቤን እጠብቃለሁ» ሲል፣ መምህሩና ነጋዴው እንደማይታገቱ ዋሱ ማን ነው? ዋስ ሊሆን የሚችለው ሁለቱም የሚያፍሩት ሽማግሌ፣ ነፃ ፍርድ ቤትና ሌሎች አገሮች በታዛቢነት ሲቆሙ ነው። ከዚያም በኋላ የቀበሌውንና የወረዳውን ሹም ሕዝቡ ራሱ የሚመርጠውና የሚሽረው መሆን አለበት። አለዚያ የጎጃሙ ታሪክ ይደገማል።

እኛስ ከዚህ ሆነን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የምንልከው ገንዘብ ለዘመድ ቀለብ፣ ለመድኃኒትና ለልጅ ትምህርት እንጂ ለጥይት አይዋል። ሁለተኛ፣ በስልክ ስናወራ ያልተረጋገጠ ወሬ አንጨምር፤ እኛ እዚህ ተቀምጠን የምንናገረው ቃል እዚያ ላለው ሰው አደጋ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ሽምግልና የሚያውቁ ቄሶቻችንና አባቶቻችን በሕይወት ሳሉ ልጆቻችን አሠራሩን ይጠይቋቸው፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፉት። ይህ እውቀት ለአገር ቤቱም ለዚህም ኑሯችን ይጠቅማል።

ሰላም የሚመጣው የተበደለው ሲሰማ፣ የበደለው ሲጠየቅ፣ ዋስም ሲቆም ነው። ለወገኖቻችን ይህን ቀን ያቅርብልን።