ግብ ያገባውና ኳስ ያቀበለው

አንደኛ አቅራቢ፦ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪቃ ዋንጫ ፍጻሜ የኢትዮጵያ ቡድናችን በግብጽ ሁለት ጊዜ ተቀድሞ፣ ሁለት ጊዜም አቻ ሆኖ፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ድል መንሣቱ፣ ከዜና ታሪክነቱ ይልቅ በትምህርተ ተራድኦነቱ ይልቅብኛል። እኅቴ፣ እርስዎስ እንዴት ይመለከቱታል?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እውነት ነው፣ ወንድሜ። ሁለተኛውን ግብ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ሦስተኛውን ወንድሙ ኢታሎ፣ አራተኛውን መንግሥቱ ወርቁ ማስቆጠራቸው ይታወሳል፤ ነገር ግን ተከላካዩ ካልነጠቀ፣ አማካዩ ካላቀበለ፣ ግብ ጠባቂውም ካልተጋ የአጥቂው ጥበብ ብቻውን ከንቱ ነውና፣ ክብሩ የማኅበሩ ሁሉ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ አንዳንዶች ግን ውድድር ቅንዓትንና ትዕቢትን ያሳድራል ይላሉ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ያለ መልካም አሠልጣኝ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን የተሳሳተውን ባልንጀራውን ከመንቀፍ ይልቅ ሮጦ ክፍት ቦታውን የሚሸፍን፣ የደከመውን የሚያጽናና፣ በተጠባባቂ ወንበር ተቀምጦም ስለ ጓደኛው ድል ከልቡ ሐሤት የሚያደርግ ወጣት፣ ፍቅረ ቢጽን በቃል ብቻ ሳይሆን በግብር ተምሯል።

አንደኛ አቅራቢ፦ እንግዲያውስ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችሁ ከጨዋታ ሲመለሱ “ስንት ግብ አገባህ?” ከማለታችሁ አስቀድሞ “ማንን ረዳህ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ያገባውን ስታመሰግኑም ያቀበለውን አትርሱ።