ሎሚውን የሚያከፋፍለው ሰው



ውድ ተመራቂዎች፣ ዛሬ የምትመረቁት በቀዶ ሕክምና፣ በሰመመን፣ በነርስነትና በአዋላጅነት ነው። ነገ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ታካሚ ዙሪያ ትቆማላችሁ። የምነግራችሁም እዚያ ክፍል ውስጥ አለቃ ስለሚባለው ሰው ነው።

ስለ ቡድን ሥራ ሲነሣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። እውነት ነው። ግን ሎሚውን የሚያከፋፍል ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ሁሉንም ታቅፎ ከቆመ ሌላው ቆሞ ከማየት በቀር ምን ያደርጋል? መሪነትን የሚጋራ ቡድን አለቃ አያስፈልገውም የሚሉ አሉ። አልስማማም። እንዲህ ያለው ቡድን እንዲያውም ከሌላው የበለጠ ብርቱ አለቃ ይፈልጋል።

ይህን በሌላ ሙያ እንየው። እ.ኤ.አ. በማርች 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ጭጋጉም፣ የሬዲዮ መልእክት መደራረቡም። ለመነሣት ይንደረደር የነበረው የኬኤልኤም አየር መንገድ ካፒቴን ሌሎች አብራሪዎችን የሚያሠለጥን፣ እጅግ የተከበረ ሰው ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው፣ የፓን አም አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ መለሰለት፤ መሐንዲሱም አልገፋበትም። ልብ በሉ፤ ጥርጣሬው በሰዓቱ ተነሥቷል። የጠፋው «ቆይ፣ እናጣራ» የሚል አለቃ ነው። አቪዬሽን ከዚህና መሰል አደጋዎች ተምሮ ረዳቶችን እንዲናገሩ፣ ካፒቴኖችን እንዲሰሙ ማሠልጠን ጀመረ። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ዛሬም የካፒቴኑ ነው።

በእኛም ሙያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ። የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች ተሞክሮ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱ ታካሚዎች ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ግን በካናዳ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎችን ተመልክቶ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። የወረቀቱ ሐሳብ ያው ነው። ባለሙያዎች ስለ ልዩነቱ ብዙ ተከራክረዋል፤ የእኔ እምነት ግን ወረቀት በራሱ ማንንም አያናግርም የሚል ነው። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ሁሉም ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገር ይላል ዝርዝሩ። ቀዳጁ ሐኪም ቀና ብሎ የጽዳት ሠራተኛዋን ስም ሳይቀር ከሰማ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አፉ ይፈታል። አቀርቅሮ «እሺ፣ እሺ፣ ጨርሱ» ካለ ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ሰዎቹ ግን ዝም እንዳሉ ይቀራሉ።

አንድ ሌሊት አስቡ። እናት በቀዶ ሕክምና ወልዳለች፤ ሆዷ ሊዘጋ ነው። ነርሷ ጎዝ ቆጥራ «አንድ ጎድሏል» አለች። ቀዳጁ ደክሞታል፣ ሌላ ታካሚም ውጭ ይጠብቃል። በዚያች ደቂቃ መሪዋ ነርሷ ናት። የእናትየዋ የደም ግፊት ሲወርድ ደግሞ መሪው የሰመመን ባለሙያው ይሆናል። የአለቃው ሥራ መርፌውን አስቀምጦ «እንፈልግ» ማለት ነው፤ ሐሳብ ሲለያይ ደግሞ ሳያወላውል መወሰን። አንድ ነገር ከተበላሸም በር ላይ ለሚጠብቀው ቤተሰብ ወጥቶ የሚናገረው እሱ ነው። ይህን ነርሷ ላይ የሚጥል አለቃ መሪነትን አላጋራም፤ ጥፋቱን ነው ያካፈለው።

በተለይ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሠልጥናችሁ ወደ ገጠር ሆስፒታል የምትሄዱ የጤና መኮንኖች፣ ገና በወጣትነታችሁ አለቃ ትሆናላችሁ። ከእናንተ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡ ነርሶች ታገኛላችሁ። በመጀመሪያው ቀን «ስሳሳት እዩኝ፣ ንገሩኝ» በሏቸው። የነገረቻችሁን ነርስ ደግሞ በሰው ፊት አመስግኑ፤ ስጋቷ ልክ ባይሆን እንኳ። ነርሶችና አዋላጆች፣ እናንተም እስክትደመጡ ድረስ ደጋግማችሁ ተናገሩ።