ከሰሉን ውጭ ተዉት
(በማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ነርስ ነሽና ስለ ጤና አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት የማወራ መስሏቸው ነበር። እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የማወራው ስለ መብራት መጥፋት ነው። ለአንድ ሰዓት ሳይሆን ለሦስት፣ ለአራት ቀን፣ ከዚያም በላይ ሲጠፋ።

አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ። እውነታችሁን ነው፤ መንዝ ተወልዶ መብራት ጠፋ ብሎ የሚደነግጥ ማን አለ? ያኔ ቴክሳስ ጨለማ ውስጥ ሆና መሐል ሜዳ ለምትኖረው እናቴ ደውዬ ችግራችንን ስነግራት «እኛ ዘንድ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» ነው ያለችኝ። አዲሱ ነገር መብራቱ አልነበረም፣ ቤቱ ነው። እዚህ የምንኖርበት ቤት እኛ ካደግንበት ቤት ጋር አይመሳሰልም። ይህን ባለማሰቤ ልጆቼን ላጣ ነበር።

ነገሩ የሆነው በየካቲት 2013 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2021። ዳላስ፣ ኦስቲንና ሂዩስተን ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። ቴክሳስ የራሷ የኤሌክትሪክ መረብ አላት፤ አብዛኛው ክፍሏ ከሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ሁለት ትላልቅ መረቦች ጋር በወጉ አልተያያዘም። ያ ብርድ ሲመጣ የጋዝ መስመሮችና ማመንጫዎች እየቀዘቀዙ ቆሙ፤ የሁሉም ቤት ማሞቂያ ደግሞ በአንድ ጊዜ ኃይል ጠየቀ። ሰኞ ፌብሩዋሪ 15 ከእኩለ ሌሊት በኋላ «በተራ እናጠፋለን» ተባለ። ተራው ግን አልተዟዟረም፤ የጠፋበት ሰፈር እንደጠፋበት ቀረ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። በኋላ እንደተነገረው መረቡ በሙሉ ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ወድቆ ቢሆን ለሳምንታት ጨለማ በሆነ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ዳላስ ውስጥ ከዜሮ በታች 19 ሴልሺየስ ደረሰ። የጓሳ ውርጭ እንኳ እንዲህ አይደለም።

እኔ እሑድ ማታ ሥራ ገብቼ መውጣት አልቻልኩም። የሚተኩኝ ነርሶች በበረዶው መንገድ መምጣት አልቻሉም። ባለቤቴ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ኦክላሆማ ውስጥ መንገድ ተዘግቶበት ቆሟል። ቤት ያሉት ያኔ የ11 ዓመት ወንድ ልጄ፣ የ6 ዓመት ሴት ልጄ እና ልትጠይቀን ከመንዝ የመጣችው አማቴ ናቸው። ሆስፒታሉ ጄኔሬተር ስላለው እኔ በብርሃንና በሙቀት ውስጥ ነኝ። ስልክ መስመር አይገባም፤ አጭር መልእክት ግን አልፎ አልፎ ይደርስ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ልጄ «አያቴ ቤቱን አሞቀችልን» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ። በምን አሞቀችው ብዬ አልጠየቅሁም።

አምስት ሰዓት ሲሆን ሌላ መልእክት መጣ። «እማዬ ራሴን በጣም አሞኛል። እህቴ አስመለሳት። አያቴን ብቀሰቅሳት አልነሳ አለች።»

በሥራዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ብርክ ግን ይዞኝ አያውቅም። «አሁኑኑ በሩን ክፈት፣ እህትህን ይዘህ ውጣ፣ ባናውን ልበሱ» ብዬ ጻፍኩ። 911 ደወልኩ፤ በዚያ በረዶ መኪና እስኪደርስ ጊዜ እንደሚወስድ ገባኝ። ከዚያ ከእኛ ቤት ሦስት መንገድ አልፎ ለሚኖር የዚህ ማህበር አባል መልእክት ላክሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ስሜን አትጥሪ ስላለኝ አልጠራውም። በዚያ በረዶ በእግሩ እየወደቀ እየተነሳ ሄደ። ልጆቹ በረንዳ ላይ በባና ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። አማቴ ሳሎን ውስጥ ራሷን ስታ፣ አጠገቧ የቡና ማንደጃው ፍሙ ቀልቶ። ጎትቶ አወጣት።

ሦስቱም በኦክስጅን ታክመው ዳኑ፤ ተመስገን። አማቴ ስትነቃ ያለችኝን ግን አልረሳውም። «አገር ቤትም ከሰል ሰው እንደሚያፍን አውቃለሁ። እንዲህ ጥርቅም ያለ ቤት እንዳለ ግን አላውቅም። ለምን አልነገራችሁኝም?» ዛሬ ይህን እንድናገር የፈቀደችልኝም እሷ ናት።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። ቤታችን ሲገዛ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ተገጥሞለት ነበር። ቡና ስንቆላ፣ ዕጣን ስናጨስ እየጮኸ እንግዳ ፊት ስላሳፈረን ባትሪውን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት እኔ ራሴ ነኝ። ነርሷ። እባካችሁ እጅ አውጡ አልልም፤ ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንን ያደረግሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

ስለዚህ ነገር ትንሽ ላብራራ። ከሰል ሲቀጣጠል ይጨሳል፣ ፍም ሆኖ ሲቀላ ጭሱ ይጠፋል። ጭሱ ሲጠፋ አደጋውም የጠፋ ይመስለናል፤ «በደንብ ይቅላና እናስገባው» የምንለው ለዚህ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ የሚወጣውም ከቀላው ፍም ጭምር ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞርና ማስመለስ፣ ከዚያ እንቅልፍ። የተኛ ሰው ምንም ሳይሰማው ይቀራል። በቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው አትበሉ፤ ውጡ። በኮሮና ጊዜ የገዛናት ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያም እዚህ ላይ አታገለግልም። ሁለቱን መለየት ስለማትችል ሰውየው እየታፈነ 98 ልትል ትችላለች።

የመንዝ ቤት በክዳኑ ይተነፍሳል፤ የኩበቱ ጭስ በሣሩ መሐል ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ለሳንባም ጥሩ አይደለም፤ ግን ቤቱ ክፍተት አለው። የቴክሳስ ቤት ብርድም ሙቀትም እንዳይገባ ተደርጎ የታሸገ ነው። በዚያ ሰሞን ቴክሳስ ውስጥ ሞቱ ተብለው ከተመዘገቡት 246 ሰዎች 19ኙ በዚህ ጋዝ ነው ያለፉት። አንዳንዱ ከሰል ወይም የባርቤኪው ምድጃ ቤት አስገብቶ፣ አንዳንዱ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ ሊሞቅ ሲል፣ አንዳንዱ ጄኔሬተር ከመስኮት ሥር አስቀምጦ። በወገኖቻችን ቤት የደረሰውን ሐዘን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አልደግመውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዝግጅት ይህ ነው። በየፎቁና ከመኝታ ክፍል አጠገብ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር። ቡናችን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይፈላ፤ ከሰል የግድ ካማራችሁ ደጅ። ጄኔሬተር ያላችሁ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር አርቁት፣ ጭሱ የሚወጣበትን ወደ ሰው አታዙሩ። በዓረብ አገር በዙም የምትሰሙኝ እህቶቼም፣ በር ዘግታችሁ በምትተኙባት ጠባብ ክፍል ለዕጣንም ለቡናም ብላችሁ ከሰል አታሳድሩ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባችሁ ደግሞ ሻንጣው ሳይፈታ ይህን ንገሩት።

ሙቀቱስ ከየት ይምጣ? አንድ ክፍል ምረጡ፣ ሁላችሁም እዚያ ሁኑ፣ የበሩን ሥር በፎጣ ድፈኑ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ደራርባችሁ ልበሱ። የእሳት ሙቀት የሌለበት ክፍል ቢታሸግ አይጎዳም። ከመንዝ ያመጣችሁትን ባና ለግድግዳ ጌጥ የሰቀላችሁ አውርዱት፤ ሥራው እሱ አይደለም።

ምግብ ላይ እኛ ማንም ሊያስተምረን አይገባም። የአሜሪካ መጽሔቶች «መብራት ሲጠፋ የማይበስል ምግብ ያስቀምጡ» ብለው የቆርቆሮ ባቄላ ሥዕል ያሳያሉ። በሶ ምንድን ነው ታዲያ? ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው የሚታሽ፣ ወር ሁለት ወር የሚቀመጥ። ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው፤ ዘማች የሚሰንቀው ሁሉ ለዚህ ቀን የተሠራ ነው። የእኛ ችግር እዚህ መጥተን ስንቁን ሁሉ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባታችን ነው። እንጀራው በምጣድ ነው፣ ምጣዱ በኤሌክትሪክ ነው። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ያቆያል፣ ግማሽ ከሆነ 24፤ ፍሪጅ 4 ሰዓት ብቻ። ስለዚህ «ልየው» እያላችሁ አትክፈቱት።

ውሃ ይረሳል። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ይታሰባል፤ አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 60 ሊትር ማለት ነው። ከቻላችሁ የሁለት ሳምንት ያዙ። ያኔ የብዙ ሰው ቧንቧ ቀዝቅዞ ፈነዳ፣ ከተሞች «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» አሉ፣ ማፍያ ኤሌክትሪክ ግን የለም። ብርድ ሊመጣ ነው ሲባል የገላ መታጠቢያውን ገንዳ ለመጸዳጃ ቤት ሙሉት፣ ቧንቧውን ጠብ ጠብ እንዲል ተዉት፣ የዋናው ውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ዛሬ ማታ ፈልጉ። እኔ ያወቅሁት ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው።

ለታማሚዎች። ኢንሱሊን ያልተከፈተው ፍሪጅ ይፈልጋል፤ የተከፈተው ግን አብዛኛው ዓይነት እስከ 28 ቀን በክፍል ሙቀት ይቆያል፤ የእናንተን ዓይነት ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ። በረዶ ላይ አታድርጉት፣ ከቀዘቀዘ ተበላሸ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ያለበት ቤት ተጠባባቂ ሲሊንደር ይኑረው። በቴክሳስ ሐኪም የሚሞላው ቅጽ አለ፤ ለመብራት ድርጅቱ ሲቀርብ ቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ተብሎ ይመዘገባል። መብራት አይጠፋባችሁም የሚል ዋስትና ግን አይደለም፤ በእሱ ተማምናችሁ ሲሊንደሩን አትተዉ።

ሌላው ቀላል ነው፤ የእጅ ባትሪ ከነድንጋዩ፣ ፓወር ባንክ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ። በአውሮፓ ያላችሁ ጥሬ ገንዘቡን አትናቁት፤ በኤፕሪል 28 ቀን 2025 ስፔንና ፖርቱጋል ሲጨልሙ ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ዳቦ መግዛት አቅቶት ውሏል። ብርድ ብቻም አይምሰላችሁ። በጁላይ 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሂዩስተን አካባቢ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን ያለ መብራት ሲያስቀር ሰው የተሰቃየው በሙቀት ነው። በዚያን ጊዜ አረጋውያንን መብራት ወዳለበት ቤት ማዛወር ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል።

አሁን ወደ መጣሁበት ልመለስ። ያን ሌሊት ልጆቼን ያተረፈልኝ ዕቃ አይደለም፣ በእግሩ መድረስ የሚችል ሰው ቁጥር ስልኬ ውስጥ መኖሩ ነው። ያም በአጋጣሚ ነው፤ የመዋጮ ሒሳብ ልንተሳሰብ ከሳምንት በፊት ተደዋውለን ነበር። ማህበራችን ለአገር ቤት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ገንዘብ ሲሰበስብ ማን ስንት እንደከፈለ በሚገባ ይመዘግባል። ማን ከማን ቤት በእግር እንደሚደረስ ግን መዝግበን አናውቅም። እድር ለሞተ ሰው ድንኳን ተክሎ ያስለቅሳል፤ እኔ የምጠይቀው ሰው ሳይሞት የሚንቀሳቀስ እድር ነው።

ሐሳቤ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ቤት በቅርብ ለሚኖሩ ሁለት ቤቶች ኃላፊ ይሁን። መብራት ከጠፋ ስድስት ሰዓት ሲሞላው አንድ አጭር መልእክት ይላክ፦ «እንዴት ናችሁ? በምን ነው የምትሞቁት?» ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። መልስ ካልመጣ ሰው ይሂድ።

ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። ስልካችሁን፣ ሰፈራችሁን፣ ቤት ውስጥ አረጋዊ፣ ሕፃን፣ ኢንሱሊን ወይም ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ካለ ጻፉ። ካርታው ላይ እኔና ያ በበረዶ የሄደው ወንድማችን እናሰፍረዋለን። ማንቂያም በጅምላ ዋጋ አስመጥተናል፤ ባትሪው ውስጡ ነው፣ አይወጣም።

ቡናው ደጅ ነው የፈላው።